የፍልስፍና ተማሪዎች ሐሳባቸውን መሬት ለማውረድ ገንዘብ ከየት ያገኛሉ?

በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ፍልስፍና የሚያጠና ወጣት “ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?” የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ ሁለተኛ ዓመት አይደርስም። ጥያቄው የዘመድ አዝማድ ስጋት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት እአአ በ2008 ይፋ ያደረገው የቅበላ ፖሊሲ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ደግሞ ለማኅበራዊና ሰብአዊ የትምህርት ዘርፎች ሲመድብ ፍልስፍና ከጠባቡ ድርሻ ተሻምቶ እንዲኖር ተፈርዶበት ነበር። ከአሥር ዓመታት ገደማ በኋላ ደግሞ የሎጂክና የሒሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ሆኖ ተደነገገ። ትምህርቱ ለሁሉም እንደሚያስፈልግ ታምኖበታል፤ ዋና ሙያቸው አድርገው የመረጡት ግን ዛሬም ለምን እንደመረጡት ይጠየቃሉ።

ለጥያቄው ከሚሰጡ መልሶች ሁሉ አሳማኙ ከምረቃ በፊት ተሠርቶ የሚታይ ሥራ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥነ ምግባር ክርክር ክበብ ማቋቋም፣ በውኃ ወይም በግጦሽ መሬት የሚወዛገቡ መንደሮችን ስለ ፍትሕ ማወያየት፣ የአገር ሽማግሌዎችን አስተሳሰብ በድምፅ መዝግቦ ማኖር፣ ለጤና ባለሙያዎች ስለ ታካሚ ፈቃድ በአገር ቋንቋ አጭር መመሪያ ማዘጋጀት ለአንድ የፍልስፍና ተማሪ ከአቅም በላይ አይደሉም። የሚጠይቁትም ገንዘብ ቤተ ሙከራ ከሚያስፈልጋቸው ዘርፎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

ችግሩ “ለፍልስፍና ተማሪዎች” የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ገንዘብ አለመኖሩ ነው። የፍልስፍና ማኅበራት የሚሰጡት ድጋፍ በአብዛኛው ለመምህራን፣ ለጉባኤና ለከፍተኛ ምርምር ይውላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ተግባራዊ ሥራ የሚሆነው ገንዘብ ያለው ለማንኛውም የትምህርት ዘርፍ ክፍት በሆኑ መርሐ ግብሮች ውስጥ ነው። እነዚህን መርሐ ግብሮች በጥሞና የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። አመልካቹን የሚያስገባው ወይም የሚያስቀረው የሚያጠናው ትምህርት ሳይሆን የተመዘገበበት ተቋም፣ የሚኖርበት አገርና ገንዘቡን የሚቀበለው የባንክ ሒሳብ ባለቤት ማንነት ነው።

ከክፍል የወጣ ፍልስፍና

ለገንዘብ ሰጪዎች “ፍልስፍና ተግባራዊ ይሆናል” ብሎ ለመከራከር የሚነሣ ተማሪ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኬንያዊው ፈላስፋ ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ እአአ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ወደ ገጠር እየወረዱ በማኅበረሰባቸው በጥበብ የታወቁ አዛውንቶችን ያነጋግሩ ነበር። ዓላማቸው ተረትና ምሳሌ መሰብሰብ አልነበረም። የማኅበረሰቡን እምነት ከሚደግሙት አዛውንቶች መካከል እምነቱን ራሱን የሚመረምሩትን ለይቶ ማውጣት ነበር። ከዚህ ሥራ የተገኘው “የጠቢባን ፍልስፍና” የተሰኘው መጽሐፋቸው እአአ በ1990 ታትሟል። ዛሬ በአፍሪካ ፍልስፍና ኮርሶች በስፋት ከሚነሡት ሥራዎች አንዱ የተወለደው፣ በገንዘብ ሰጪዎች ቋንቋ ሲነገር፣ ከመስክ ፕሮጀክት ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ክሎድ ሰምነር እአአ በ1953 ወደ አዲስ አበባ መጥተው የግእዝ የጥበብ ጽሑፎችን በአምስት ቅጽ ካሳተሙ በኋላ ፊታቸውን ወደ ኦሮሞ የቃል ጥበብ አዙረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳም አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች ለተፈጥሮ ያላቸውን አመለካከት ከአካባቢ ሥነ ምግባር አንጻር አጥንተዋል። በእነዚህ ሥራዎች መንፈስ የሚነሣ ተማሪ ገንዘብ የሚጠይቀው ለመጓጓዣ፣ ለመቅጃ መሣሪያና ቃለ መጠይቁን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጡ ሰዎች ክፍያ ነው።

ሌላው በቀላሉ ሊተከል የሚችል አርአያ የሥነ ምግባር ውድድር ነው። እአአ በ1993 በቺካጎ የኢሊኖይ ቴክኖሎጂ ተቋም የፍልስፍና መምህር የነበሩት ሮበርት ላደንሰን የጀመሩት ይህ ውድድር ከተለመደው የትምህርት ቤት ክርክር ይለያል። ተወዳዳሪዎች ተቃራኒ ወገን እንዲይዙ አይገደዱም፤ ሊስማሙም ይችላሉ። ነጥብ የሚሰጠው ለጉዳዩ ጥልቀትና የሌላውን ሐሳብ በቅንነት ለመመዘን ነው። የትምህርት ቤት ክርክር የአሸናፊና የተሸናፊ መድረክ በሆነበት ቀጣና ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በ1970ዎቹ ማቲው ሊፕማን በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ያስጀመሩት፣ ሕፃናትን በታሪክ አማካይነት ወደ ፍልስፍናዊ ውይይት የሚያስገባው ትምህርትም እንዲሁ ክፍልና በክብ የተደረደሩ ወንበሮች እንጂ ውድ መሣሪያ አይሻም።

ተማሪን ወደ ሕዝብ የመላክ ልማድም ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እአአ በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። ያን ጊዜ ወጪውን የሚችለውና ምደባውን የሚወስነው ተቋሙ ነበር። ዛሬ ሐሳቡንም ገንዘቡንም ማምጣት የተማሪው ፋንታ ሆኗል።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ለሚማሩ

በአሜሪካ ኮሌጆች ለሚማሩ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ቀዳሚ ሊሆን የሚገባው “ፕሮጀክትስ ፎር ፒስ” የተሰኘው ድጋፍ ነው። በጎ አድራጊዋ ካትሪን ዋሰርማን ዴቪስ እአአ በ2007 መቶኛ ዓመት ልደታቸውን ሲያከብሩ ያቋቋሙት ሲሆን በየዓመቱ ከ100 ለማያንሱ ፕሮጀክቶች ለእያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ሥራው በክረምት ወራት፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል ሊከናወን ይችላል። ለሰላም መገንባት ያለው ፋይዳ በግልጽ መቅረብ ይኖርበታል። የሥነ ምግባር ወይም የማኅበረሰብ ውይይት ሐሳብ ላለው የፍልስፍና ተማሪ ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ድጋፍ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ማመልከት የሚችለው መርሐ ግብሩ በአጋርነት በያዛቸው ኮሌጆች የሚማር ብቻ ነው፤ ማመልከቻውም በቅድሚያ የሚያልፈው በኮሌጁ የውስጥ ውድድር ነው። የአጋር ኮሌጆቹ ዝርዝር ከ“ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ” የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ በታንዛኒያ ሞሺና አሩሻ ካለው የዚሁ መረብ ትምህርት ቤት ተመርቀው አሜሪካ የገቡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን ከበሩ ውስጥ ያገኙታል።

የቶማስ ዋትሰን ፌሎሺፕ መጠኑ ይበልጣል፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። እአአ በ1968 የተቋቋመው ይህ ድጋፍ ከ40 ገደማ አነስተኛ ኮሌጆች ለሚመረቁ ተማሪዎች ከአሜሪካ ውጭ ለአንድ ዓመት እየተዘዋወሩ የመረጡትን ጥያቄ እንዲከታተሉ ወደ 40 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ይሰጣል። ለፍልስፍና ተማሪ የሚመች ነጻነት አለው፤ የሚያስፈልገው ጥያቄ እንጂ የተቆጠረ ውጤት አይደለም። በአንጻሩ ተሸላሚው በዓመቱ ውስጥ ወደ ትውልድ አገሩ መመለስ አይፈቀድለትም። በአገሩ መንደር ትምህርት ቤት ለመርዳት ያሰበ የሐረር ወይም የኪሱሙ ልጅ ይህን በር ቢያልፈው የሚጎድልበት ነገር የለም።

በብሪታኒያ፣ በአየርላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካ የተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ደግሞ የሌይድሎው መርሐ ግብር አለ። ሴንት አንድሩስ፣ የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቶሮንቶና ኮሎምቢያ ከእነዚህ ይገኙበታል። ተማሪው በመጀመሪያው ክረምት ምርምር ያካሂዳል፤ በሁለተኛው ክረምት ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር ተግባራዊ ሥራ ይሠራል፤ ለሁለቱም ወራት የኑሮ አበል ይከፈለዋል። የመጀመሪያውን ክረምት በጽሑፍ፣ ሁለተኛውን በሰው መካከል ማሳለፍ ለፍልስፍና ተማሪ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩ የቀጣናው ተወላጆች እምብዛም የማይታወቅ ሌላ ዕድል አለ። “ዩሮፒያን ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ” የተሰኘው የኅብረቱ መርሐ ግብር ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ቢያንስ አምስት ወጣቶች ተሰባስበው በሚኖሩበት አካባቢ ከሁለት እስከ 12 ወራት የሚዘልቅ ሥራ እንዲሠሩ ወርኃዊ ድጎማ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም፤ ዋናው በአገሩ በሕጋዊ መንገድ መኖር ነው። በፍራንክፈርት፣ በሮም ወይም በስቶክሆልም በአማርኛና በትግርኛ የሚካሄድ የወጣቶች የውይይት መድረክ ለዚህ ድጋፍ ብቁ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርበው በየአገሩ ላለው የመርሐ ግብሩ ብሔራዊ ቢሮ ነው።

በእስራኤል ደግሞ በ1970ዎቹ በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረው ፔራኽ፣ ሕፃናትን በግል ለሚረዱ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸውን በከፊል ይሸፍናል። ከሚታገዙት ሕፃናት መካከል የቤተ እስራኤል ልጆች ይገኙበታል። ይህ የራስ ፕሮጀክት መንደፊያ ገንዘብ ባይሆንም ከሕፃናት ጋር መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ ጥሩ መንደርደሪያ ነው።

በአህጉሩ ውስጥ ያለው ገንዘብ

በቀጣናው ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩት ምርጫው ይጠባል፤ ያሉትም በአብዛኛው የንግድ ቋንቋ ይናገራሉ። የናይጄሪያዊው ባለሀብት የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን እአአ ከ2015 ጀምሮ ከ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ለሚመረጡ፣ 18 ዓመት ለሞላቸው ሥራ ፈጣሪዎች የማይመለስ 5 ሺህ ዶላር ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መሆን አያስከለክልም። ሐሳቡ ግን ትርፍ የሚያስገኝ ሊሆን ይገባል፤ የሽማግሌዎችን ቃል መመዝገብ ደግሞ ትርፍ የለውም። የሥነ ምግባር ሥልጠና ለድርጅቶች ለመሸጥ፣ ወይም ለሕፃናት ውይይት የሚሆኑ የአማርኛና የስዋሂሊ ታሪኮችን አሳትሞ ለማከፋፈል ያሰበ ቡድን ግን ሊሞክረው ይችላል። ለአሸናፊው ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸልመው የኸልት ፕራይዝ ውድድርም በተመሳሳይ ለማኅበራዊ ንግድ የቆመ ነው። ዝናው ብዙ አመልካች ይስባል፤ የፍልስፍና ክበብ ግን ጉልበቱን እዚያ ላይ ባያባክን ይሻለዋል።

የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የነጻ ትምህርት መርሐ ግብር ከእነዚህ የተለየ ነው። እአአ በ2012 የተጀመረ ሲሆን በካምፓላ ከማኬሬሬ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከአዲስ አበባና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይሠራል። የጎንደሩ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ልዩ ትኩረት ይሰጣል። ድጋፉ የትምህርት ወጪን የሚሸፍን ቢሆንም ተጠቃሚዎቹ ለማኅበረሰባቸው መልሰው እንዲያበረክቱ ይጠበቃል። ስለዚህ በመርሐ ግብሩ የታቀፈ ተማሪ ሌላ በር ከማንኳኳቱ በፊት የፕሮጀክት ሐሳቡን ለዩኒቨርሲቲው የመርሐ ግብሩ ቢሮ ማቅረቡ ያዋጣል። ለስደተኞች ደግሞ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አማካይነት እአአ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ የተሰኘው የመጀመሪያ ዲግሪ ነጻ ትምህርት ዕድል አለ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ያሉ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኤርትራና፣ የሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት ካፈናቀላቸው ወዲህ፣ የሱዳን ተማሪዎች ሊያመለክቱበት የሚችሉት ነው።

ከዚህ ቀደም ብዙዎች ተስፋ ያደርጉባቸው የነበሩ የአሜሪካ መንግሥት ድጋፎች አሁን እንደ ድሮው አይደሉም። በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታ እንዲታገድ ከተወሰነ በኋላ ዩኤስኤአይዲ ሐምሌ 1 ቀን 2025 በይፋ ሥራውን አቁሟል። በናይሮቢው ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የያሊ የወጣት አመራሮች ማዕከል በዚሁ ተቋም ገንዘብ ይደገፍ ስለነበር፣ በኢንተርኔት የሚገኙ የቆዩ ማስታወቂያዎችን ዐይቶ ዕቅድ ማውጣት አይመከርም።

ገንዘቡ በማን ስም ይገባል?

ብዙ መልካም ሐሳቦች የሚሰናከሉት ዳኞች ፊት ሳይሆን ባንክ ቤት ደጃፍ ነው። የካናዳ መንግሥት በኤምባሲዎቹ በኩል ለአነስተኛ የአካባቢ ሥራዎች የሚሰጠው ድጋፍ ለአገር በቀል ድርጅቶችና ለትምህርት ተቋማት እንጂ ለግለሰብ አይሰጥም። ዩኔስኮም በተሳትፎ መርሐ ግብሩ የሚያስተናግደው በየአገሩ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተማሪው ብቻውን ለእነዚህ የማይታይ ሰው ነው፤ ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከተመዘገበ ማኅበር ጋር ሲቆም ግን ይታያል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚያግዝ ሕጋዊ መሠረት አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከዩኒቨርሲቲዎች ተግባራት አንዱ ያደርገዋል። የማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች በጀት አላቸው፤ የሚያመለክቱት ግን በአብዛኛው መምህራን ናቸው። አንድ መምህር የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሆኖ ከፈረመና ተማሪዎቹ አስፈጻሚ ሆነው ከገቡ፣ ከውጭ ከሚመጣ ትልቅ ድጎማ ይልቅ ይህ ትንሽ ገንዘብ ቶሎ እጅ ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ቀድሞ በመብትና በዲሞክራሲ ላይ በሚሠሩ ማኅበራት የውጭ ገቢ ላይ ተጥሎ የነበረውን የ10 በመቶ ጣሪያ አንስቷል። ስለ ዜግነትና ፍትሕ ለሚያወያይ ቡድን ከአገር በቀል ማኅበር ጋር መጣመር በ2009ኙ ሕግ ዘመን ከነበረው የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

የምንዛሪ ጉዳይም አለ። ብር በሐምሌ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አልፏል። በጀቱን በብር ብቻ ያወጣ አመልካች ገንዘቡ እጁ እስኪደርስ የመጓጓዣና የወረቀት ዋጋ ጥሎት ይሄዳል። በዶላር አስልቶ፣ የተጠቀመበትን የምንዛሪ ዋጋና ቀኑን ከሥር ጽፎ፣ ለዋጋ ለውጥ መጠባበቂያ መያዝ ይጠቅማል።

ሰዎችን የሚያነጋግር ፕሮጀክት ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። በኬንያ የምርምር ፈቃድ የሚሰጠው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ፈጠራ ብሔራዊ ኮሚሽን ሲሆን በኡጋንዳ ደግሞ ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ፣ ከዚያም የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘቡ ሲፈቀድ የሚጀመር ሳይሆን ማመልከቻው ሲጻፍ አብሮ የሚጀመር ሥራ ነው።

ማመልከቻው ላይ

የፍልስፍና ተማሪዎች ማመልከቻ ደካማ ጎን ሐሳብ ማጣት አይደለም፤ ሐሳቡ ከመጠን በላይ መስፋቱ ነው። “በወጣቶች ዘንድ ሒሳዊ አስተሳሰብን ማጎልበት” የሚል ዓላማ ለገንዘብ ሰጪ ምንም አይነግረውም። “በሦስት ትምህርት ቤቶች የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን በየሳምንቱ ለአሥር ሳምንታት በሥነ ምግባር ጉዳዮች ማወያየትና በመጨረሻ የጋራ ውድድር ማካሄድ” የሚለው ግን ቦታ፣ ሰው፣ ጊዜና የሚታይ ፍጻሜ አለው። ስንት ሰው እንደተሳተፈ መቁጠር ቀላል ነው። የአስተሳሰብ ለውጥን መለካት ግን ያስቸግራል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ዓይነት ጉዳይ ላይ የጻፉትን አጭር ድርሰት ጎን ለጎን አስቀምጦ ስንት ምክንያት እንዳቀረቡ፣ የተቃራኒውን ሐሳብ ጠቅሰው እንደሆነ ማየት ብልህ መንገድ ነው፤ ወጪውም ከወረቀት አያልፍም።

በበጀት ላይ የሻይ ቡናና የመጓጓዣ ወጪ በግልጽ መስፈር አለበት። ውይይት ያለ ሻይ አይረዝምም፤ ገንዘብ ሰጪም በደረሰኝ እስከተደገፈ ድረስ ይህን ይረዳል። በጥርጣሬ የሚታየው ለአስተባባሪዎች የሚጻፈው ውሎ አበልና ለላፕቶፕ መግዣ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው።

ለማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ “ድጋፍ” ሲያጋጥም ደግሞ ወደ ኋላ ማለት ይበጃል። ከላይ ከተጠቀሱት መርሐ ግብሮች ለማመልከት ገንዘብ የሚያስከፍል የለም፤ በቴሌግራም እየተዘዋወሩ በኤሉሜሉ ወይም በማስተርካርድ ስም “የምዝገባ” ወይም “የማስተላለፊያ” ክፍያ የሚጠይቁ መልእክቶች ከተቋማቱ የሚመጡ አይደሉም።

የጊዜ ሰሌዳውም ከወዲሁ ቢታወቅ ይጠቅማል። የኤሉሜሉ ማመልከቻ በተለምዶ ጥር 1 ቀን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ተከፍቶ በመጋቢት 1 ይዘጋል። የአሜሪካ ኮሌጆች የ“ፕሮጀክትስ ፎር ፒስ” የውስጥ ምርጫቸውን ለክረምቱ ሥራ የሚያካሂዱት ከዚያ በፊት ባሉት የትምህርት ወራት ነው። ዩኔስኮ እአአ በ2005 በጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው የዓለም የፍልስፍና ቀን በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ፣ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ፣ ይውላል። ያለ ምንም ድጎማ፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ትምህርት ቤት ፈቃድ ብቻ በዚያ ቀን የተካሄደ የሙከራ ውይይት ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ለሚከፈተው ማመልከቻ ፎቶግራፍ፣ የተሳታፊ ቁጥርና የርእሰ መምህር ደብዳቤ ያስገኛል።